ያልተበላው ተዝካር

«የሞተ ሰው ተዝካር ሁለቴ አይበላም ብያለሁ፤ ሌላ ቃል የለኝም» አሉ እትዬ አስካለ፣ የተንሸራተተ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ።

«አንዴስ መቼ ተበላ፣ እትዬ?» አለች ሌሊሴ። «ችግሩ እኮ እሱ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«አልተበላም ነው የምለው። እርስዎ ገንዘቡን ለልጆች ብለው ሰጡ። ሱቅ ተሠራበት። ሱቁ የተከራየውን ፀጉር አስተካካይ ጠቀመው፤ ይጥቀመው፣ ጎበዝ ሰው ነው። የኔ የሰርከስ ልጆች ግን ምን አገኙ? ፍራሹ እንደ ቂጣ ሳስቶ ሳስቶ ኦብሴ ከላይ ስትወርድ እጇን ተሰበረች። ሲሚንቶ ላይ ነው የወደቀችው ማለት ይቻላል።»

«ቀስ፣ ቀስ በሉ ኢጆሌ» አሉ ጋሽ ገመቹ።

«እኔን ነው ኢጆሌ የምትለኝ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ሰባ ዓመት አልፎኝ ዛሬ ልጅ አደረግኸኝ?»

ጋሽ ገመቹ ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ከሱቆቹ ጀርባ ባለችው የእድራችን የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር የተቀመጥነው፤ በአንድ በኩል የታጠፈው ድንኳን፣ በሌላው በኩል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ወንበሮች፣ መሀል ላይ እኛ አራታችን። ጋሽ ገመቹ የእድሩ ዳኛ ናቸው። እትዬ አስካለ ለሰፈሩ ልጆች ገንዘብ የሰጡትን ቤተሰቦች ይወክላሉ። እኔ በዚያ ገንዘብ ካደጉት ልጆች መካከል የተመረጥኩ ነኝ። ድምፅ ያለን ሦስታችን ነን። የሰርከስ አሠልጣኟ ሌሊሴ ድምፅ የላትም፤ ጥያቄውን ግን ያመጣችው እሷ ናት። ልጆቹ የሚለማመዱበትን መጋዘን ባለቤቱ ክረምቱ ሳይገባ ልቀቁልኝ ብሏል። ስለዚህ ከሦስቱ የእድሩ ሱቆች በመንገዱ ጥግ ያለው ይሸጥ፣ በገንዘቡ ከዚሁ ግቢ ኋላ አዳራሽ ይሠራ ነው የምትለው። የሚገዛም ሰው አለ፤ አጠገቡ ያለው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ማስፋት ይፈልጋል። ሌሎቹ ሁለት ሱቆች ወደ ውስጥ የገቡ ስለሆኑ ማንም አይጠይቃቸውም። ጋሽ ገመቹ ይሸጥ ብለዋል። እትዬ አስካለ፣ በባላቸው ስም የሚጠራው ሱቅ ነውና፣ አይሸጥም ብለዋል።

የቀረው የኔ ድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ከገባን ጀምሮ የወንበሮቹን እግር ስቆጥር ነበር የቆየሁት።

«ይኼ ልጅ ለምን አይናገርም?» አሉ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረው። «እኔን እዚህ ውስጥ ያስገባኝ እሱ አይደለም?»

ዕድሜዬ ገና ነው፤ አርባ አልሞላሁም። ከተማው ግን ቸኩሎ ስላረጀብኝ እንደ ሽማግሌ «ያኔ» ማለት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ያኔ ከተማችንን ግማሹ ሰው ናዝሬት፣ ግማሹ አዳማ ይላት ነበር፤ በአንድ ቤት ውስጥ እናትየው ናዝሬት ብላ ልጅየው አዳማ ሲል ማንም ልብ አይልም። ከመናኸሪያ እስከ ሰፈራችን በጋሪ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል ነበራቸው፤ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ በሚንጫጫው ባጃጅ ምትክ ያኔ ሰፈር የሚተኛውም የሚነሳውም በዚያ ቃጭል ነው። ሻይ አርባ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት። ሱሪያችን ሰፊ ጂንስ ነው፤ ጫፉ መሬት ለመሬት ተጎትቶ እስኪበጣጠስ ካልለበስነው አያምርብንም። ካሴት ቤቱ በር ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር ይቆም ነበር፤ አንድ ዘፈን ከወጣ በሳምንቱ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ይችለዋል። እኛ ካሴት መግዣ ስለሌለን ስፒከሩ ሥር ቆመን ነው ግጥም ያጠናነው። እኔ ግጥም መጻፍ የተማርኩት እዚያና ለውዝ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ለውዝ ሻጯ የምትቀደው ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ አንድ የግጥም መጽሐፍ ነበር፤ ሽፋን የለውም፣ የደራሲው ስም የለውም። ከለውዙ ይልቅ ወረቀቱን እየመረጥኩ ስገዛ «አንተ ልጅ ጤና የለህም» ትለኝ ነበር።

ሰርከሱ ደግሞ የጀመረው በጭድ ነው። ገበያው ጥግ ጭድ የሞሉ ጆንያዎች ይደረደራሉ፤ ልጆች ከግንብ ላይ እየዘለሉ እዚያ ላይ ይገለባበጣሉ። ባለጭዱ ሲመጣ ይሮጣሉ። ጋሽ ገመቹ ያኔ ፂማቸው ጥቁር ነበር፤ ከሥራ ሲመለሱ ብስክሌታቸውን ደግፈው ልጆቹን ያያሉ። አንድ ቀን የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ ለእነዚህ ልጆች ማንም የማይነካው ገንዘብ እናስቀምጥላቸው አሉ። ዋናው ይቀመጣል፣ የሚወልደው ብቻ በየዓመቱ ለልጆች ይውላል፤ ለስፖርት፣ ለሰርከስ፣ ለንባብ ክፍል። ሰው ሐሳቡን ወደደው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ወርኃዊ መዋጮ ላይ ስሙኒ መጨመር እንኳ ጠብ ነበር።

ገንዘቡ የመጣው ከተዝካር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ ተደርጎ እንደሆነ አላውቅም። መናኸሪያ ትኬት ይቆርጡ የነበሩት አቶ ወልዴ፣ «ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ» እያለ የሚጣራው ድምፃቸው ሰፈራችን ድረስ ይሰማ የነበረው ሰውዬ፣ ድንገት አረፉ። የአርባቸው ቀን ሲቃረብ እትዬ አስካለ በሬ ተዋዋሉ፤ ጌሾው ተወቀጠ። ጋሽ ገመቹ እኔ ቤት መጡ። «አንተ ግጥም ትችላለህ አሉ፤ ና እስቲ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። በሐዘን ቤት ውስጥ ስለ ገንዘብ ማውራት ከበዳቸው፤ ግጥም ግን ሐዘን ቤት ይገባል።

ነገሩን ሁሉ መንገድ ላይ አስረዱኝ። ተዝካር ተበልቶ በአንድ ቀን ያልቃል፤ እዚያ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ግን ለልጆች ቢቀመጥ በሟቹ ስም ሁልጊዜ ይኖራል። ፍትሐቱ ይፈታል፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ የሚቀረው ድግሱ ብቻ ነው። እኔ ግን የምሰማቸው በግማሽ ጆሮ ነበር። በጭንቅላቴ ቤት እየመታሁ ነበር። እትዬ አስካለና አቶ ወልዴ ልጅ እንዳልነበራቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከደጃቸው ስንደርስ ግጥሙ አልቆ ነበር፤ ጥቁር ለብሰው ከተቀመጡበት ፊት ቆሜ እንዲህ አልኳቸው፤

የወልዴ ተዝካሩ ተበልቶ አያልቅም፤
ልጅ በልጅ ሲተካ ስሙም ከቶ አይወድቅም።

ልጅ የሚለውን ቃል አውቄ ነው ያስገባሁት። የት እንደሚያም ዓይኔ አይቶ ነበር፤ እዚያው ላይ ነው ያሳረፍኩት። እትዬ አስካለ አላለቀሱም። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። በማግስቱ በሬውን መለሱ።

ለአርባው ከደብረ ብርሃን ዘመድ መጣ። ድንኳን የለም፣ ወጥ የለም፤ ዳቦና ንፍሮ ቀረበ። የአቶ ወልዴ ታላቅ ወንድም ነገሩ ሲነገራቸው ንፍሮውን ሳህኑ ላይ መለሱና «ወንድሜን እንደ ውሻ ነው የቀበርሽው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ናዝሬትን ረግጠው አያውቁም። ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ሰማሁ። ያን ዕለት እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማስበው ግጥሜ በሬ ማስመለሱን ነበር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። የሐጂ ቤት ልጆች በእናታቸው ስም ሰደቃ ብለው ሰጡ። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን አባታቸው ሲያርፍ የቀብር ማስተዛዘኛ ምሳውን ትተው ሰጡ። ከኩየራ ሳይቀር እዚህ ያደገ ሰው ላከ። በሰጠ ሰው ቤት ሁሉ እኔ እጠራለሁ፤ በእያንዳንዱ ስም ሁለት ሁለት ስንኝ አዘጋጃለሁ፤ ሁሉም ውስጥ «አይነካም»፣ «አያልቅም»፣ «አይወድቅም» አለ፣ ቤት ለመምታት የሚመቹ ቃላት ናቸው። ጓደኞቼ «የገመቹ አልቃሽ» ብለው ስም አወጡልኝ። ሦስቱ ሱቆች ተሠሩ። ጥጉ ላይ ያለው፣ የመጀመሪያው ድንጋይ የተገዛው በእትዬ አስካለ ገንዘብ ነውና፣ ከበሩ በላይ በአረንጓዴ ቀለም «የአቶ ወልዴ መታሰቢያ» ተብሎ ተጻፈበት። ኪራዩ ለልጆች ፍራሽ፣ ለንባብ ክፍሉ መጽሐፍ ገዛ። እኔ ሽፋን ያለው የግጥም መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፍበትን ቃል ሁሉ ያገኘሁት ከዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ወጣሁና ሄድኩ፤ የሻሸመኔ ሚኒባስ ረዳት ሆንኩ፣ ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእንግዶች ግጥም አነበብኩ፣ ተመለስኩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የንባብ ክፍሉ መቼ እንደተዘጋ እንኳ አልሰማሁም።

የተዘጋውም ማንም ሰርቆ አይደለም። ሌባ ቢኖር ይሻል ነበር፤ እሱን ረግመን እንገላገል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኪራይ ይጨመር የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ይነሣና «በሙት ስም ትርፍ ልንፈልግ ነው?» ይላል። ሁሉም ያፍራል። ጉዳዩ ይዘለላል። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ አንድ ጊዜ ልጨምር ብሎ መጥቶ «ተው አንተ፣ ለወልዴ ነፍስ ነው» ተብሎ ተመልሷል። ስለዚህ ሻይ በየጊዜው ሲወደድ፣ ሰፈሩ ፎቅ ሲሆን፣ ለስብሰባ የመጣ ሰው አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ መንገዱን ሲሞላው፣ የሱቆቹ ኪራይ ከጋሪው ዘመን አልተነቃነቀም። ዛሬ የጥጉን ሱቅ የወር ኪራይ ይዘው ሁለት ሰዎች ጥብስ ቤት ቢገቡ ለስላሳ አይጨምርላቸውም። ሙታኑን አክብረን ልጆቹን አስራብናቸው። የማይነካውን ገንዘብ ማንም አልነካውም፤ እኔ በግጥም እንዳልኩት።

«ቢኒ፣ አንተን እኮ ነው» አለች ሌሊሴ።

«ኪራዩን ብንጨምረውስ?» አልኩ። ፈሪ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ነበር የጠየቅኩት፤ መልሱን አውቀዋለሁ።

«ጨምሩት» አሉ እትዬ አስካለ ወዲያው። «እጥፍ አድርጉት፣ አሥር እጥፍ አድርጉት። በዚያስ እኔም አጥፍቻለሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ሱቁን አትሽጡ ነው የምለው።»

«ቶሌ፣ እሺ ይጨመር» አለች ሌሊሴ። «ተጠራቅሞ አዳራሽ እስኪሆን ግን ኦብሴ አግብታ ትወልዳለች። መጋዘኑ ደግሞ ሊወሰድብን ነው። ክረምቱን የት ላስገባቸው? አንዴ ከተበተኑ አይመለሱም፣ እትዬ። ባለፈው አንድ ወር ብቻ ዘግተን ሦስት ልጆች ቀሩ። አንዷን መናኸሪያ ማስቲካ ስትሸጥ አገኘኋት።»

«እኔ ልጅ አላውቅም መሰለሽ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አላልሽም። ሌላ ሰው ግን ብሎኛል፤ ለምጄዋለሁ።»

ጋሽ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስካለ፣ ስሙን እኮ አናጠፋውም። አዳራሹ በር ላይ ከበፊቱ በትልቁ እናስጽፈዋለን። የወልዴ አዳራሽ ይባላል። ከፀጉር ቤት አይሻልም?»

«አዳራሹ ሲያረጅስ?» አሉ። «ያኔም ሌላ ፍራሽ ያልቃል፤ ያኔም ሌላ ልጅ ይወድቃል። ትሸጡታላችሁ። እኔ ያን ጊዜ የለሁም፤ ማን አይሸጥም ይላል?» ወደ ጋሽ ገመቹ ዞሩ። «ገመቹ፣ እኔ ለሱቅ ስስት የለኝም። ወንድሙ ‹እንደ ውሻ› ሲለኝ መልስ ነበረኝ። በየቀኑ ገበያ ስሄድ በዚያ በኩል የምዞረው ለምን መሰለህ? ቀና ብዬ አየዋለሁ። እንደ ውሻ አልቀበርኩትም እላለሁ፣ በልቤ። ሌላ ምንም የለኝም።»

ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንሿሿው ነበር፤ የናዝሬት ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ነው፣ ከድሮው ያልተለወጠ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሌሊሴ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል አድርጋ ወለሉን ታያለች። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ቢሆንም ጥያቄዋን አልተወችም። ልክ ነበረች፤ እሷ ብትተወው ለልጆቹ ማን ይጠይቅላቸዋል?

እኔ ማምለጫ ፈለግሁ። ድምፄን ለሌላ ስብሰባ ላስተላልፍ አሰብኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ረዘም ያለ ንግግር ላደርግ አሰብኩ፤ እችልበታለሁ፣ ንግግር። ይሄኔ እትዬ አስካለ ዓይኔን ሲፈልጉት አየሁ። ልመና አልነበረም። ልክ ያን ቀን «ድገመው» ሲሉኝ የነበራቸው ፊት ነበር። እኔ ፊታቸው ቆሜ ቃል የገባሁላቸው ሰው ነኝ፤ ቃሉ የእድሩ ሳይሆን የኔ ነበር። የኔ ስለሆነም ማፍረሱን ለሌላ ሰው መተው የባሰ ነውር ሆኖ ታየኝ። ጋሽ ገመቹ በግልጽ ይሸጥ ብለዋል፤ እኔ ብሸሽ ነገሩ እሳቸው ላይ ይወድቃል፣ እኔ ንጹሕ ሆኜ እወጣለሁ። ስንት ጊዜ ንጹሕ ሆኜ ወጥቻለሁ።

«ይሸጥ» አልኩ።

ሌሊሴ ቀና አላለችም። እፎይ የምትል መስሎኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን ከወንበሩ ጀርባ አነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ገመቹ ሊደግፏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ «ተው፣ እችላለሁ» አሉ። ወደ ሌሊሴ ዞሩ።

«የልጅቷን እጅ የት ነው ያሳያችሁት?»

«ሐኪም ቤት ጀሶ ታስሮላታል፣ እትዬ።»

«ከተፈታላት በኋላ ቶሎ እንዳትሰቅያት። አጥንት ቢገጥምም ፍርሃቱ ይቆያል። መጀመሪያ በእግሯ ትሥራ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከዚያ እኔ ፊት ቆሙ። ተነሣሁ። ከእኔ በጣም ያጥራሉ፤ ያኔ ረጅም ሴት ይመስሉኝ ነበር።

«ያን ግጥም ስትነግረኝ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አሥራ ሰባት።»

«ልጅ ነበርክ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። «ስለዚህ ተቀይሜህ አላውቅም። ዘመዶቹ ሲሰድቡኝም፣ አንድ ልጅ አታለለሽ ሲሉኝም አልተቀየምኩህም። ልጅ ምን ያውቃል ብዬ።»

አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ይቅርታ ነበር መሰለኝ። እጃቸውን ትንሽ አነሱና አስቆሙኝ።

«አሁን ልጅ አይደለህም» አሉ።

በወንበሮቹና በድንኳኑ መሀል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ቀስ ብለው ሄዱ። ያ የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ስለተጣመመ ከፍ አድርገው ካልገጠሙት በነፋስ ሲደበደብ ይውላል፤ ሁላችንም እንዳመጣልን ነው የምንለቀው። እሳቸው ከወጡ በኋላ ዞር ብለው በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት፣ ከመቃኑ ጋር አገናኙትና ቀስ ብለው ዘጉት።